ቁልፉ ጠፍቷል

ዓባይነህ የሞተው በራሱ አውሮፕላን ፕሮፔለር ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጤዛው ገና ከሣሩ ሳይነሳ። አውሮፕላኗን ስድስት ዓመት ሙሉ ሳን ፓብሎ ውስጥ አንድ ጋራዥ ተከራይቶ በእጁ ነው የሠራት። አፍንጫዋ ላይ በቀይ ቀለም፣ በአማርኛ፣ «እምቢ» ተብሎ ተጽፎባታል። ተው ይቅርብህ ላለው ሰው ሁሉ ይመልስ የነበረው ይሄንኑ ስለሆነ ስሟም ይሄው ሆነ።

ቦታው አሜሪካ፣ ከሳን ሆዜ ወጣ ብሎ ያለ ትንሽ አየር ማረፊያ ነው። ጊዜው በፈረንጅ 1986፣ የግንቦት መጨረሻ፣ ያ ሥራ ሦስት ቀን የሚዘጋበት ዊክኤንድ። በየዓመቱ በዚያ ሰሞን አውሮፕላን በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ሰዎች ከየስቴቱ እየበረሩ ይመጡና ይሰበሰባሉ፤ ፍላይ ኢን ይሉታል። ያን ቀን አራት መቶ ምናምን አውሮፕላን ሣሩ ላይ ተደርድሮ ነበር። ባለቤቱ ክንፉ ሥር ድንኳን ተክሎ ያድራል፣ ጠዋት ለፓንኬክ ይሰለፋል፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ሞተር ውስጥ አንገቱን አስገብቶ «ይሄን ከምን ሠራኸው?» እያለ ይውላል። ከዚያ ሁሉ መሀል ያበሻ እጅ የሠራት እምቢ ብቻ ነበረች።

ለዘሐራ ሸሪፎቹ ኮል ያደረጉላት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ነው። ዘሐራ የደሴ ልጅ ናት፣ ኦክላንድ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆና ትሠራለች፤ አማርኛ፣ አረብኛ፣ እንግሊዝኛ። ረመዳን ስለሆነ ጾም ላይ ነበረች። ሻርፗን አስራ፣ ቀይ ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ፣ ባሮጌ ዳትሰኗ መጣች።

የተቀበላት የሸሪፉ ረዳት ነው፣ ዴፑቲ ኮልማን የሚባል ትሁት ግን የቸኮለ ሰው። ነገሩ ቀላል ነው አላት። ሟቹ የአውሮፕላኑ ቁልፍ ጠፍቶበታል፣ ያለ ቁልፍ በእጁ ሊያስነሳ ፕሮፔለሩን ሲያሽከረክር ሞተሩ ተኮሰና መታው። የቴፕ ማስረጃ ሁሉ አለ። ሪፖርቱ ላይ «የሠሪው ጥንቃቄ ጉድለት» ተብሎ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል፤ የስብሰባው ሰዎችም አውሮፕላኗን በትሬለር ጭነው ከሜዳው ሊያስወጧት እየጠበቁ ነው። ችግሩ ሚስትየዋ ናት፤ አልፈርምም ብላለች። «በቋንቋዋ አስረጃት» አላት።

ዘሐራ ሄዳ ጽጌ አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ጽጌ አጭር ሴት ናት፣ የመሬት ጎረምሳ የምትባል ዓይነት። የእምቢን ክንፎች ያለበሰቻቸው እሷ ናት፤ ጨርቁን በገዛ ሲንጀሯ ሰፍታ። ዓይኗ ቀልቷል፣ ትከሻዋ ግን አልጎበጠም።

«እትዬ ዘሐራ፣ ባሌ ሃያ ሁለት ዓመት ደብረ ዘይት የአየር ኃይል መካኒክ ነበር» አለቻት። «ሞተ ቢሉኝ እችለዋለሁ፤ ምን አደርጋለሁ። ዝርክርክ ስለነበረ ሞተ ቢሉኝ ግን አልፈርምም። እጄን ቢቆርጡት አልፈርምም።»

ከዚያ ከአንገቷ ማተቧን ሳብ አደረገችው። ከመስቀሉ ጋር አንዲት ትንሽ ቁልፍ ታስራለች።

«ትርፏ እኔ ጋ ናት። ቁልፍ ቢጠፋው እኔን አይጠይቀኝም?»

ዘሐራ ቁልፏን አገላብጣ አየቻትና ተነስታ ወደ ዴፑቲው ተመለሰች። ቴፑን አሰማኝ አለችው። እሱ ተተርጉሟል፣ ያንቺ ሥራ ለሴትዮዋ ማስረዳት ብቻ ነው አላት። እሷም ያልሰማሁትን ነገር ለማንም አላስረዳም ብላ ፊቱ ወንበር ስባ ቁጭ አለች። ሰውዬው መጨረሻ ላይ ቴፑን አመጣ።

ቴፑ የሃንክ ነው። ሃንክ ከእምቢ ጎን ድንኳን የተከለ ጡረተኛ ነው፤ የሞተር ድምፅ ይሰበስባል፣ ሌላው ቴምብር እንደሚሰበስበው። ጠዋት ጠዋት ሜዳው ሲነቃ የሚሰማውን ሁሉ ለመቅዳት ቴፑን ክፍት አድርጎ ጥርሱን ሊፋቅ ሄዶ ነበር። ሲሮጥ ሲመለስ ዓባይነህ ወድቋል፣ አጠገቡ ማንም የለም፣ ቁልፍ ማስገቢያውም ባዶ።

ዘሐራ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማች። ወፍ፣ ሩቅ የሚያጓራ ሞተር፣ ከዚያ የዓባይነህ ድምፅ፦ «ቁልፉ ጠፍቷል?»

ከዚያ ደግሞ ከሳጥን ውስጥ እንደሚወጣ የታፈነ ድምፅ፦ «ጠፍቷል።»

እንደገና ዓባይነህ፦ «ፍሬኑን ይያዙ።»

ሞተሩ አንዴ ብቻ ተኮሰ። የሚወድቅ ነገር ድምፅ። ዝምታ። ከዚያ ትንሽ «ቀጭ»።

ሦስቴ አስደግማ ሰማችው። ከዚያ የዴፑቲውን ወረቀት አየች። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁለት መስመር ነው፦ «ቁልፉ ሎስት ነው?»፣ «ሎስት ነው»፤ ሰውዬው ብቻውን ሲያወራ ተብሎ። ሦስተኛው መስመር የለም። ማነው የተረጎመው ብላ ጠየቀች። ከጓደኞቹ አንዱ፣ ስሙ እታች ተጽፏል አላት። ስሙን አነበበችና ወረቀቱን አጥፋ መለሰችለት።

«እኩለ ቀን ያልከውን አትቀይረው፤ ይበቃኛል» አለችው።

እምቢን ይዘው የመጡት ከባልና ሚስቱ ሌላ ሦስት ወንዶች ናቸው። ዘሐራ አንድ ባንድ አነጋገረቻቸው።

መጀመሪያ ኡስማን። ኦክላንድ ታክሲ ይነዳል፣ የዓባይነህ እኩያ ነው፣ ሲገናኙ መሰዳደብ ነው ሰላምታቸው። ሱሑር በልቶ፣ ሰግዶ፣ ፓርኪንግ ያቆመው ታክሲው ውስጥ ተኝቶ እንደነበር፣ በጩኸት እንደነቃ ነገራት። ሲሮጥ ሲመጣ ከክንፉ ሥር የወደቀ መከዳ አደናቅፎት አንስቶታል።

«ርጥብ ነው ደረቅ?»

«ከላይ ደረቅ ነው። ከሥሩ ብቻ ርሷል።»

«ሌሊቱን ውጭ ቢያድር ከላይም ይርስ ነበር።»

«እሱስ አዎ» አለ ኡስማን። ከዚያ እንደማቅማማት ብሎ ሌላ ነገር ጨመረ። አመሻሽ ላይ ባልና ሚስቱ ሲጨቃጨቁ ሰምቷል። ዓባይነህ ሚስቱን «እርስዎ» ማለት ጀምሮ ነበር። «ሲኮራ እንደዛ ነው፣ አንቱ ይላታል። እኔማ እስቅበታለሁ። አሁን ግን ሳስበው ደስ አላለኝም፣ እትዬ።»

ዘሐራም ደስ አላላትም። ደብተሯ ላይ «ይያዙ» ብላ ጽፋ ሁለቴ አሰመረችበት።

አክሊሉ ቀጠለ። ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ ፍሪሞንት የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ይሠራል፣ የእምቢን ሽቦ በሙሉ የዘረጋው እሱ ነው። ያን ሰዓት ሻወር ሰልፍ ላይ ነበር።

«እትዬ፣ ፖሊሶቹ የሚሉት ኖንሴንስ ነው። ያ ቁልፍ ኦፍ ካልሆነ አይወጣም። ራሴ ነኝ የገጠምኩት።»

«ኦፍ ሆኖ ፕሮፔለሩን ቢያዞሩትስ?»

«እስከ ነገ ቢያዞሩት አይተኩስም። ጋሼ ዓባይነህ ሁሌ ጠዋት ዘይቱ እንዲዳረስ ብሎ አራቴ በእጁ ያዞረዋል። ግን ውስጥ ሰው ካላስቀመጠ አይነካትም። ከአየር ኃይል ይዞት የመጣው ልማድ ነው።»

«አንተን ሲያስቀምጥህ ምን ይልሃል?»

«ቁልፉ ጠፍቷል? ይላል። ጠፍቷል እላለሁ። ፍሬኑን ያዝ ይላል። ያዝኩ እላለሁ።»

«ያዝ ነው የሚልህ?»

«ታዲያ ምን ይበለኝ?» አለ አክሊሉ፤ ጥያቄው ገርሞታል።

ሦስተኛው ሻምበል አምሐ ነው። ደብረ ዘይት ጄት ያበር የነበረ ሰው ነው፤ አሁን ሳን ሆዜ መሀል ከተማ የፓርኪንግ ሎት ኃላፊ ነው። ጫማው ሣር ላይ አድሮ እንኳን ያበራል። አዲስ የተሠራ አውሮፕላን ሰው ፊት ከመቅረቡ በፊት አርባ ሰዓት ተበርሮ መፈተን አለበት፤ ያንን አርባ ሰዓት እምቢን ያበረራት እሱ ነው። ስለ ዓባይነህ ብዙ ጥሩ ነገር ተናገረ። የዓለም አንደኛ መካኒክ ነበር፣ አሜሪካ ግን ሰውን ያዝላል፣ ቁልፍ ያስጥላል አለ። እሱ ራሱ ያን ሰዓት ፓንኬክ ሰልፍ ላይ ነበር፤ ሦስት መቶ ሰው የተሰለፈበት።

ዘሐራ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «ዛሬ ከሰዓት በሕዝቡ ፊት ሊያበርራት የነበረው ማን ነው?»

«ያው እኔ ነኛ፣ ወይዘሮ ዘሐራ። ሌላ ማን አለ?»

ተመልሳ ጽጌ ጋ ሄደች። ማታ በምን ተጣላችሁ አለቻት። ጽጌ ሁሉንም ነገረቻት። ካምና ጀምራ ኦክላንድ በረራ ተምራለች፣ በክረምቱ መጨረሻ ላይሰንሷን አግኝታለች፣ እምቢንም ሁለቴ አብርራታለች። ትናንት ማታ ዓባይነህ ነገ ሕዝቡ ፊት የምታበሪያት አንቺ ነሽ አላት። እሷ ሻምበል ይከፋቸዋል፣ ተው አለችው።

«ተናደደብኝ። ሌላው ሁሉ ሲያሾፍብኝ አብረሽኝ እምቢ ያልሽው አንቺ፣ አሁን ትፈሪያለሽ አለኝ። ከዚያ እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። እንዳኮረፈኝ ነው የሄደው።»

«መከዳውስ?»

«የኔ ነው። ቁመቴን እያየሽው፤ እሱ ሳይኖር ከፊት ያለውን አላይም፣ እግሬም ፍሬኑ ጋ አይደርስ። ማታ ድንኳን ውስጥ ነበር። ስነሳ የለም። መቀመጫው ላይ ሊያደርግልኝ የወሰደው እሱ ነው፤ እንዲህ ነው የሚታረቀኝ። ታጥቤ መጥቼ ላየው ነበር።»

ዘሐራ ተነሳች። ከአውሮፕላኑ መቀመጫ ጎን ቆማ ውስጡን ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ዴፑቲውን ሁሉንም ሰው ሰብስብልኝ አለችው። የጠራኋት ለአስተርጓሚነት ነው ብሎ አጉረመረመ፤ እሷም ታዲያ አሁን ምን ላደርግ ነው፣ ልተረጉም እኮ ነው አለችው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ እምቢ ክንፍ ሥር ተሰበሰቡ። ጽጌ፣ ኡስማን፣ አክሊሉ፣ ሻምበል አምሐ፣ ሃንክ፣ ዴፑቲው። ባለ ትሬለሮቹ ራቅ ብለው ሲጋራ ያጨሳሉ። ዘሐራ ቴፑን የሃንክ ታጣፊ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ባንድ አፍ ሁለት ቋንቋ ነው የምታወራው፤ አማርኛውን ትልና እንግሊዝኛውን ወዲያው ታስከትላለች።

«መጀመሪያ ቁልፉ» አለች። «ቁልፉ ቀድሞ ጠፍቶ ከነበረ ማስገቢያው ኦፍ ላይ ነው፤ ኦፍ ካልሆነ አይወጣማ። ኦፍ ላይ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ አይተኩስም። ግን ተኩሷል፣ ሁላችንም ሰምተናል። ስለዚህ ያን ሰዓት ቁልፉ ቦታው ላይ ነበር፣ በርቶም ነበር። ሃንክ ሲደርስ ግን ወጥቷል። ሟች ተነስቶ አያወጣውም። ያቺ መጨረሻ ላይ የተሰማችው ቀጭ ቁልፉ ሲወጣ ናት።»

ዴፑቲው ብዕሩን አወጣ።

«ሁለተኛ፣ ቃሉ። አማርኛ ዕቃ ሲጠፋም ጠፍቷል ይላል፣ መብራት ሲጠፋም ጠፍቷል ይላል። ወረቀትህ ላይ ሎስት የተባለው ኦፍ ነው። ዓባይነህ የጠፋ ዕቃ እየፈለገ አልነበረም። ቁልፉ ኦፍ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ኦፍ ነው አለው። አመነው። ሃያ ሁለት ዓመት እንደለመደው ነው የሠራው። ዝርክርክ አልነበረም።»

ይሄን ስትል ጽጌን ነበር የምታየው።

«ያ ሰው ማነው?» አለ ዴፑቲው።

«ሦስተኛ መስመር አለ። ፍሬኑን ይያዙ። ያንተ ወረቀት ላይ የለም፤ ቢኖርም አይጠቅምህም ነበር። በእንግሊዝኛ ልጅም፣ ወዳጅም፣ አለቃም አንድ ዩ ነው። እኛ ጋ አይደለም። አክሊሉን ያዝ ይለዋል። ኡስማንን...»

«እኔንማ ያዝ አንተ ደንቆሮ ነው የሚለኝ» አለ ኡስማን።

«ይያዙ የሚላቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዷ ሚስቱ ናት፤ ተኳርፈው ነበር።»

ሁሉም ወደ ጽጌ ዞሩ። ጽጌ አገጯን ቀና አደረገች።

ዘሐራ መከዳውን አነሳች። «ይሄ ሌሊት ውጭ አላደረም፤ ከላይ ደረቅ ነበር። ጠዋት ጤዛው ላይ ተወርውሯል። ጽጌ ያለዚህ መከዳ ፍሬኑ ጋ አትደርስም፤ እሷ ልትቀመጥ ብትገባ አትጥለውም። የጣለው ቁመቱ የማያንሰው ሰው ነው። እዚያ መቀመጫ ላይ የሴት መከዳ ሲያይ ቦታው እንደተወሰደበት የገባው ሰው።»

ከዚያ ወደ ሻምበል አምሐ ዞረች፤ ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ሻምበል፣ ጠፍቷል የሚለውን ኡስማን ቢሳሳት ታክሲ ነጂ ነው እላለሁ። እኔም ልሳሳት እችል ነበር። እዚህ ካለነው መሀል ሊሳሳት የማይችል ሰው ጄት ሲያበር የኖረ ነው። ዕድሜዎን በሙሉ ሲጠየቁትና ሲመልሱት የኖሩት ቃል ነው። ሎስት ብለው የተረጎሙት እርስዎ ነዎት። ይያዙ የምትለዋንም የዘለሏት እርስዎ ነዎት።»

አምሐ ሳቅ ለማለት ሞከረ። በፓንኬክ ሰልፍ ሦስት መቶ ሰው አይቶኛል አለ።

«አንድ ይጥቀሱልኝ።»

የአምሐ እጅ ወደ ኮቱ ኪስ ሄዶ ተመለሰ።

«ቁልፉም ኪስዎ ውስጥ ነው» አለች ዘሐራ። «ቆሻሻ ውስጥ ይጥሉት ነበር፣ ጊዜ ነበረዎት። ግን የእምቢ ቁልፍ ነው። የኔ ናት ብለው የሚያስቧትን ነገር ቁልፍ ሰው አይጥልም።»

ከሩቅ የሚያርፍ አውሮፕላን ጎማ ሲጮህ ተሰማ። ሻምበል አምሐ እጁን ኮቱ ኪስ ከተተና ቁልፏን አውጥቶ ቴፑ አጠገብ አስቀመጣት። ቀስ ብሎ፣ እንዳትቧጨር የፈራ ይመስል።

«አርባ ሰዓት ነፍሴን ይዤ የፈተንኳት እኔ ነኝ» አለ። «ወድቃ ብትቃጠል የምቃጠለው እኔ። አንድ ቃል አልነገረኝም። በመከዳ ነው የነገረኝ። አውጥቼ ወረወርኩት፣ ገብቼ ተቀመጥኩ። ደግሞ መጥቶ ፕሮፔለሩን ያዘና፣ እንደ ድሮው፣ እንደ አለቃው ጠየቀኝ። ቁልፉ በርቶ ነበር። አየሁት። ጠፍቷል አልኩት።»

ዘሐራ ለዴፑቲው ቃል በቃል ተረጎመችለት፤ ምንም አልቀነሰችም፣ ምንም አልጨመረችም። ኦፍ ስትል ዴፑቲው ብዕሩን አቆመ።

ጽጌ ተነሳች። ቁመቷ የሰውዬው ደረት ጋ ነው የሚደርሰው። ፊቱ ቆማ ቀና ብላ አየችው።

«ጠዋት ሊነግርህ ነበር ማታ ያሰበው። ሻምበልን ራሴ አናግራቸዋለሁ፣ አይከፋቸውም፣ ትልቅ ሰው ናቸው ሲለኝ ነበር» አለችው። «ሃያ ዓመት እርስዎ ብዬሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አንተ ነህ።»

ሻምበል አምሐ ለዓባይነህ ሞት ያላጎነበሰውን ራስ ያኔ አጎነበሰ።

ዴፑቲው ምን አለችው ብሎ ጠየቀ። ዘሐራ አፏን ከፈተች፣ ቃል ፈለገች፣ አጣች። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ የመጀመሪያዋ ነው።

«ይሄን እንግሊዝኛ አይችለውም» አለችው። «ሪፖርትህን አስተካክል።»

አስተካከለ። «የሠሪው ጥንቃቄ ጉድለት» የሚለውን በሁለት መስመር ሰረዘ፣ ሰርዞም ለጽጌ አሳያት፤ እሷ ሌላ ገጽ ላይ አዲስ እስኪጻፍ አልፈረመችም። ባለ ትሬለሮቹ መኪናቸውን ባዶውን ይዘው ሄዱ።

በዓመቱ እዚያው ሜዳ ነው። እንደገና ረመዳን፣ እንደገና የፓንኬክ ሰልፍ። ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰውዬ ወረቀቱን ይዞ ወደ ዘሐራ መጣና ይሄ ስም እንዴት ነው የሚነበበው፣ ትርጉሙስ ምንድነው አላት። ነገረችው። ደግመሽ ንገሪኝ አላት፤ ደግማ ነገረችው።

አዲሱ ፕሮፔለር ፊት የቆመው ኡስማን ነው። ጽጌ መከዳዋ ላይ ተቀምጣለች፣ ትከሻዋ እንደዛው ነው።

«ቁልፉ ጠፍቷል?» አለ ኡስማን።

ጽጌ ቁልፏን ነቀለችና እጇን በመስኮቱ አውጥታ ከፍ አድርጋ አሳየችው፤ ፀሐዩ ላይ እስክታብለጨልጭ ያዘቻት። አሁን እምቢ ጋ የሚሠራው እንደዚህ ነው፤ በአፍ አይባልም፣ ይታያል።

ኡስማን አራት ጊዜ አዞረና ዘወር አለ። ቁልፏ ተመለሰች፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ድምፅ ማጉያው ሜዳውን በሙሉ አዳረሰው፦ «አሁን የሚነሳው ከሳን ፓብሎ የመጣው አውሮፕላን ነው። ሠሪው ዓባይነህ። አብራሪዋ ጽጌ። ስሙ ኖ።»

እምቢ ተነሳች።